ጎደሎ የማትቀበለው አሚኔ

አክስቴ አሚኔ እንሴኖ ገበያ ላይ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ነግዳለች። ዛላውን ጆሮዋ አጠገብ ታንቀጫቅጨውና ክብደት እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበትን ትለየዋለች። ከዚያ ሻጩን፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ልክ ልኩን ትነግረዋለች። "እኔ ጎደሎ አልቀበልም!" ካለች አለቀ። ይህ ግትርነቷ ለንግዱ በጅቷታል። እኔን ግን ያን ጊዜም ያስፈራኝ ነበር፣ ዛሬም ያስፈራኛል።

የበርበሬው ብናኝ አስም አስያዛት። ሐኪም ለጥቂት ቀን ያዘዘላትን ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን፣ ተስማማኝ ብላ ስድስት ዓመት ዋጠችው። እኔ አብዱልሃፊዝ እባላለሁ፤ ቡታጅራ መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ክኒኑን ከማን ትገዛ ነበር ብሎ መጠየቅ አያሻም፤ ከእኔው ነው። እምቢ ብላት ሌላ ቤት ትሄዳለች እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

ፊቷ ድቡልቡል ሲል ሰው "ተመችቷታል" አለ። እኔ ግን ያበጣት ክኒኑ መሆኑን አውቃለሁ። ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ ስንታመም ሰውነታችንን ደግፎ የሚያቆመውን ሆርሞን የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። ያው ነገር በክኒን ዓመት ከዓመት ከገባላቸው ሥራቸውን ትተው ይተኛሉ። ያን ጊዜ ክኒኑን በድንገት ያቆመ ሰው ተራ ትኩሳት ሊገድለው ይችላል።

በመጨረሻ ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙም አዲስ አበባ ሄዳ እንድትመረመር ጻፈላት። እጢዎቹን የሚቀሰቅስ ሆርሞን በመርፌ ይሰጣትና፣ መንቃት አለመንቃታቸው በደም ምርመራ ይታያል። "ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ክኒኑን አትውሰጂ" አላት።

ስንመለስ ስለ መርፌው ጠየቀችኝ። ማወቄን ማሳየት አይሰለቸኝምና ዘረገፍኩላት።

"የተፈጥሮው፣ አንጎላችን ሥር ያለች እጢ የምትሠራው፣ እንደ መቁጠሪያ የተሰካካ ሠላሳ ዘጠኝ ፍሬ አለው። ፋብሪካ የሚሠራው ግን የመጀመሪያዎቹን ሃያ አራት ብቻ ነው።"

"አሥራ አምስቱስ የት ገቡ?"

"ለመቀስቀሱ አያስፈልጉም፣ አክስቴ። ሃያ አራቱ ሥራውን እኩል ይሠሩታል።"

"ጎደሎ ነዋ! ሙሉው አይገኝም?"

"ውጭ አገር አለ። ግን ከአሳማ ነው የሚወጣው።"

"አስተግፊሩላህ!" ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። "አንዱ ጎደሎ፣ አንዱ ሐራም። አላህ የሰጠኝ ሙሉው እዚሁ ራሴ ውስጥ አለ አላልከኝም? እንግዲያው እሱ ይቀስቅሳቸው።"

"ተኝተዋል እኮ!"

"አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም" አለችና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ነገ ትረሳዋለች ብዬ ናቅሁት።

ለምርመራው አልሄደችም። ክኒኑን ግን ሐኪሙ ባላት ቀን አቆመች፤ ከዚያ ወዲያ አልነካችውም። ምርመራው ከቀረ ክኒኑን ቀጥይ ያላት የለም፤ ሐኪሙም፣ እኔም። በሦስተኛው ሳምንት ክኒን ልትወስድ ሳትመጣ ስትቀር እንሴኖ ወረድኩ።

ፊቷ ቀጥኗል። "የልጅነት መልኬ ተመለሰልኝ" አለችኝ፤ ጎረቤቶቿም ያደንቋታል። ብድግ ስትል ግን እንዳትወድቅ ጆንያውን ትደገፋለች። ምሳዋም ሳይነካ ጎኗ ተቀምጧል።

"ክኒኑን እንዴት ታቆሚያለሽ? ልትሞቺ ነው እኮ!" ብዬ በገበያ መሃል በታላቄ ላይ ጮህኩ።

"ሐኪሙ አይደል አቁሚ ያለኝ?"

"ለአንድ ቀን ነዋ!"

"ታገስ፣ አንተ ልጅ። እየነቁ ነው፤ ይታወቀኛል።"

ያመጣሁላትን ክኒን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። እዚያው ቆሜ ላስውጣት ይገባኝ ነበር፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ነው ብዬ ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ትኩሳትና ተቅማጥ ያዛት። ሌላ ሰው ሁለት ቀን ተኝቶ የሚነሳበት ሕመም ነው። እሷ ደግሞ ገበያ አይቀርብኝም ብላ ወጣችና ከጆንያዎቹ መሃል ወደቀች። የገበያው ሰዎች አስሟ የተነሳ መስሏቸው ከብናኙ አራቋት፣ አናፈሷት፣ ከዚያ ለእኔ ደወሉ። ክኒኑን የሚተካ መርፌ ይዤ በረርኩ። ስደርስ ፊቷን ሸፍነዋታል።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ "በርበሬው ገደላት" ይላል። አንድም ሰው አላረምኩም። ልጇ ሳላሀዲን አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ያዘኝ።

"አንተ ያላደረግህላት ምን አለ?" አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ስድስት ዓመት ሙሉ መድኃኒቷን ሳታጓድል፣ የሐኪም ወረቀት እንኳ ሳትጠይቃት ስትሰጣት ኖርክ። አላህ ውለታህን ይክፈልህ።"

"አሚን" አልኩት።