ገለል ያለ፣ ሁለት ጅረት ያለው መሬት

ባለቤቴ በኮሮና ታሞ ከሆስፒታል የወጣው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጨረሻ ላይ፣ በረዶ ሲጥል በሰነበተበት ሳምንት ነው። ሃያ ስድስት ቀን ተኝቷል። በእነዚያ ቀናት እኔም ልጃችንም አጠገቡ መቆም አልተፈቀደልንም፤ ነርሷ ታብሌት ይዛ ፊቱን ታሳየን ነበር። ሲመለስ አፍንጫው ላይ ቀጭን ቱቦ ነበረው፣ ከአልጋችን ጎን ደግሞ ሲያጓራ የሚውል የሚያድር የኦክስጅን ማሽን ተተከለ። ሐኪሙ «ሳንባው ጠባሳ ይዟል፤ በጊዜ ብዛት ይሻለው ይሆናል» አለኝ። «ይሆናል» ያላትን ቃል ለባለቤቴ አልነገርኩትም።

ከመታመሙ በፊት ዌርሀውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ቁጭ ማለት የማይወድ ሰው ነበር። የምንኖረው ኮሎምበስ ከተማ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ፣ አንድ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ማረፍ ሲኖርበት ጊዜ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተወ። ሳሎን ተቀምጦ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሰው ያዳምጣል። የሚያስል ሰው ከሰማ ፎጣ አርጥቦ የበሩን ሥር ይደፍናል።

ልጃችን ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ክፍሏን ዘግታ በኮምፒውተር ትማራለች። አባቷ በሯን አንኳኩቶ «ነይ እስቲ ትንሽ አጠገቤ ተቀመጪ» ሲላት «አይም ኢን ክላስ፣ ዳዲ» ትለዋለች። ክላስ በሌላትም ሰዓት እንደዚያው ትለው ነበር። ቱቦውን ትፈራው ነበር መሰለኝ። እኔ ደግሞ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ፤ የሰው እናት አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ስመለስ ለራሴ ሰው የሚተርፍ ትዕግሥት አልነበረኝም። አንዳንዴ መኪናው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ነበር ወደ ቤት የምገባው።

በየካቲት ገደማ ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘ። ገለል ያለ የመዝናኛ ራንች፣ ሰፊ የገጠር መሬት ነው፤ ሁለት ጅረት ያቋርጠዋል፤ ለሽያጭ ቀርቧል። ከኮሎምበስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ፣ ኮረብታ ውስጥ ያለ መሬት። ፎቶዎቹን ጠዋት ያያል፣ ከሰዓትም ያያል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በዕድሜው አንድ ችግኝ ተክሎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ምን ልታደርግበት ነው?» አልኩት።

«ልቀመጥበት።»

«ጎረቤት እንኳን የለውም እኮ።»

«እሱን ነው የምልሽ። የለውም።»

አንድ ቀን አሻሻጯን ኮል ሲያደርግ አጠገቡ ነበርኩ። ስለ ቤቱም ስለ ውሃውም አልጠየቃትም። «እዚያ ስልክ ይሠራል?» ብቻ አላት። እሷም ሳቅ ብላ «አይሠራም፤ ሰዎች የሚወዱትም ለዚሁ ነው» አለችው። «ጥሩ» ብሎ ዘጋው።

እንደማንገዛው ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ እህል እምቢ አለ። ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ሳህኑን ይገፋል። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት። በመጨረሻ «መሬቱን አሳዪኝና እበላለሁ» አለኝ። በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ሦስት የኦክስጅን ሲሊንደር መኪና ላይ ጭኜ ይዤው ሄድኩ። ልጃችን ቤት ቀረች።

የመሬቱ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። አሻሻጯ ስላልተመቻት ራሳቸው ሊያሳዩን ተስማምተው ነበር። ከመኪናው ስንወርድ የባለቤቴን ቱቦ አዩ። ከዚያ «አንደኛው ጅረት ያው ከቤቱ ሥር ነው። ሁለተኛው ከዛፎቹ ወዲያ ነው፤ ለእሱ ይርቃል። እኔንም ጉልበቴ እዚያ ድረስ አያስኬደኝም» አሉን። ባለቤቴ ግን መንገድ ጀምሮ ነበር። አንዱ ሲሊንደር በጉዞ ላይ ስላለቀ ሁለተኛውን ደርሼበት ትከሻው ላይ አንግቤለት ተከተልኩት።

በዚያ ዓመት እንደዚያ ሲራመድ አላየሁትም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የኦክስጅኑን መጠን በራሱ እጅ ከፍ እንዳደረገው ያወቅኩት በኋላ ነው። ሁለተኛው ጅረት ስንደርስ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። ያን ጊዜ ነው ሲሊንደሩን ያየሁት። የመለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ደርሷል።

«መጣሁ፣ እንዳትንቀሳቀስ» ብዬው ሮጥኩ። የመጀመሪያውን ጅረት በጫማዬ ገብቼ ተሻገርኩ። የመኪናውን ኋላ ከፍቼ ሦስተኛውን ሲሊንደር ስከፍተው ድምፅ የለውም። ባዶ ነው። ያለቀውንና የሞላውን ቤት ውስጥ አንድ ጥግ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት በጥድፊያ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ምንም የለም። የሽማግሌውን በር በሁለት እጄ ደበደብኩ። ሲከፍቱልኝ ከማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ «ኦክስጅን» ከምትለው በቀር አንድም ቃል አልመጣልኝ አለ።

ሽማግሌው የበሩን መቃን ያዙ። «የሚስቴ ክፍል ውስጥ አለ» አሉኝ።

ለእርሻ በሚጠቀሙባት ትንሽ ባለ አራት ጎማ ተሽከርካሪ ይዘውኝ ጅረቱን አቋረጡ። ባለቤቴ በጎኑ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ልናነሳው ስንል ራሱን ነቀነቀ። «ተዪኝ» አለኝ። እስካገግም ልረፍ ያለኝ መስሎኝ «ቤት ደርሰህ ታርፋለህ» አልኩት።

ጭነን ወደ ቤቱ መለስነው። በሽማግሌው ሚስት ክፍል ውስጥ የኦክስጅን ማሽን አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሽማግሌው አንሶላውን ገፈው ሶኬቱን ሰኩት፤ ከመሳቢያም ያልተከፈተ ቱቦ አወጡ። እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ማሽኑ ማጓራት ሲጀምር ክፍሉን ጥለው ወጡ። ቆይቼ ሳያቸው ማዕድ ቤት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ሚስታቸው ባለፈው ዓመት ነው ያረፈችው።

«በቤት ስልክ አምቡላንስ ልጥራላችሁ?» አሉኝ።

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ «ኖ» አለ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ሽማግሌው ከቁም ሳጥን ሁለት ሲሊንደር አውጥተው፣ ሙሉ መሆናቸውን አንድ በአንድ አሳይተውኝ መኪናችን ውስጥ ጫኑልን። ሊሰናበቱኝ ሲሉ «ልትገዙ አልመጣችሁም አይደል?» አሉኝ። አዎ፣ ለመግዛት አልመጣንም አልኳቸው። «ገብቶኛል። ገዢ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አጥሩ የት ድረስ እንደሆነ ነው» አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም።

ግማሽ መንገድ ላይ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ፣ «መሬቱን የፈለግኩት ልኖርበት መስሎሽ ነው?» አለኝ።

«ታዲያ ለምንድነው?»

«አምቡላንስ የማይደርስበት ቦታ ፈልጌ ነው። ያ ቱቦ ጉሮሮዬ ውስጥ ሲገባ አላየሽም። ሃያ ስድስት ቀን ጣሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዳታስነኪኝ። ቃል ግቢልኝ።»

«አልገባም» አልኩት። «ልጅ አለችህ። እኔስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ወራቱን ሁሉ ንጹሕ አየር የሚፈልግ መስሎኝ ሳዝንለት ኖሬያለሁ። እሱ ሲፈልግ የኖረው የሚሞትበትን ቦታ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ያቺን ቀን ማታ ግን ሳህኑን ባዶ አደረገልኝ።

በዚያው በጋ መሬቱ ለሌላ ሰው ተሸጠ። ማስታወቂያው ላይ አይቶ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው፤ ስለ መሬት ዳግመኛ አላነሳም።

በሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መጀመሪያ በሽታው ተመልሶ ያዘው። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ መሆን ተፈቅዶ ስለነበር ገባሁ። በስድስተኛው ቀን ወጣት ሐኪም መጣች። የኦክስጅን ማስኩ ከእንግዲህ እንደማይበቃው፣ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ቢገባለት ምናልባት እንደሚተርፍ፣ ምናልባት ደግሞ ከመተንፈሻ ማሽኑ ላይወርድ እንደሚችል አስረዳችን። እሱን ጠየቀችው። መናገር አልቻለም፤ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

«ስለዚህ ነገር አስቀድማችሁ ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ?» አለችኝ።

አልተነጋገርንም ማለት እችል ነበር። ቃል አልገባሁለትምና የሚከሰኝ የለም። እጁን ያዝኩት፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል።

«አዎ፣ ነግሮኛል» አልኩ። «አይፈልግም።»

ዓይኑን ጨፈነ። እጄን ግን አልለቀቀም።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን እንድትገባ ፈቀዱላት። ጋውን አልብሰው፣ ጓንት አጥልቀው አስገቧት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በአማርኛ ታወራው ጀመር፤ ቃል ሲጠፋት እየቆመች፣ እየፈለገች። በማግስቱ ጠዋት አረፈ።

የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተሩን ሳላስነሳ «ዲድ ሂ ሴይ ኢት፣ ኦር ዲድ ዩ?» አለችኝ፤ ቱቦውን አልፈልግም ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ ማለቷ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ማስታወቂያውን፣ ጅረቱን፣ ባዶውን ሲሊንደር፣ መኪና ውስጥ የለመነኝን።

«እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ በአማርኛ።

እጄን ዘርግቼ እጇን ያዝኩት።