ቁጭ ባዩ ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናውን ይሸፍንና ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ደንበኛ ቀሚስ ይዛ ስትመጣ፣ «እትዬ፣ መርፌው ተኝቷል፤ ነገ ጠዋት» ይላታል። እሷም ስቃ ትመለሳለች።

እናታችን አልጋ ስትይዝ እኔ ከምሠራበት መዝገብ ቤት እየሮጥኩ ወጥቼ መድኃኒቷን አመጣለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ፣ ሾርባ አሞቃለሁ። እሱ አጠገቧ ቁጭ ይላል፤ በቃ። ዓይኗ ግን የሚፈልገው እሱን ነበር። ቅናት አንገበገበኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሜ እንደ ልማዱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ፣ ትራሷን ሳስተካክል እጄን ያዘችኝ።

«ደከመሽ አይደል፣ የኔ ልጅ?»

«ኧረ እማዬ፣ ምን ሠራሁና!»

«ባትሠሪ ምን ነበረበት! አንቺ ስትገቢ እኮ ቢሮ የተኛሁ ይመስለኛል።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ነይ ቁጭ በይ» አለኝ ወንድሜ፣ ቦታ እየለቀቀልኝ።

«ሾርባው ይገነፍላል» ብዬ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ አርፋለች፤ እጇ በእሱ እጅ ውስጥ ነበር።

ለቀስተኛው ሁሉ «አይዞሽ፣ ያላደረግሽላት ነገር የለም» ይለኛል። እሱን እንዲህ ብሎ የሚያጽናናው የለም፤ አያስፈልገውምና። ዛሬም የምቀናው በዚህ ነው።