ሐሙስ ልትሞት የነበረችው ቆንጆ

የቲቢ ክፍሏ ሲስተር ክንድ የሚያህል መርፌ ይዛ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲ አሳድዳለች፤ ሕንፃውን ሦስት ጊዜ አዙራው ሞታ ያለቀችውን ባለታሪክ በግድ ከሞት አስነስታለች። ጤና ጣቢያው አጠገብ ባለው ካፌ ውስጥ የሚወራው ይኸው ነው። መርፌው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዛወር እያደገ፣ በር አጠገብ የተቀመጡት ዘንድ ሲደርስ ጦር አክሏል።

ማመኑ ግን ይቸግራል። የሲስተር ክፍል የሚያክመው በክኒን ነው። ጉልበቷም ቢሆን ሁለት ደረጃ ከወጣ በኋላ ለሦስተኛው ሽማግሌ ካልላኩበት የማይንቀሳቀስ ጉልበት ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው። ጠዋት መስኮቷን ትከፍታለች፣ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን በተራ ትጠራለች፣ ክኒናቸውን ዓይኗ እያየ ታስውጣለች። «ክፈት። ምላስህን አንሳ።» ሥራ አስኪያጅም ይሁን ተሸካሚ ቃሉ አይለወጥም። ምላስ ሥር የተደበቀ ክኒን ቀርቶ የተደበቀ ሐሳብም ታገኛለች። ከዚያ ካርዱ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ በቃ። በዚህች «ክፈት» ሳንባው የተረፈለት ሰው ቢሰበሰብ ስታዲየም ሞልቶ የቀረው አጥር ላይ ይንጠለጠላል።

አርብ አርብ አግዳሚው ላይ የሚወራው የሐሙሱ ድራማ ነው። የድራማዋን ቆንጆ ቲቢ ይዟታል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ነጭ መሀረብ ላይ ደም ትተፋለች። በየሳምንቱ ትከሳለች፤ የከንፈሯ ቀለም ግን ንቅንቅ አይልም። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶም ፀጉሯን ነፋስ ያነሳዋል።

ከሰባተኛው ሐሙስ ማግስት ከታካሚዎቹ አንዷ፣ ልብስ ሰፊዋ ቀረች። ሕክምና ከጀመረች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። ቅዳሜም ስትቀር ሲስተር ካርዷን ቦርሳ ውስጥ ከትታ ቤቷ ድረስ ሄደች። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል፤ ልብስ ሰፊዋም አጠገቡ ኩርምት ብላለች። ሽንቷ ቀልቶባት ነው። ሲስተር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ የክኒኑ ቀለም ነው፣ አይጎዳም ብላ ነግራታለች። ልብስ ሰፊዋም መስማቱን ሰምታለች። ነገር ግን ያን መሀረብ በቴሌቪዥን አይታ ቀዩን ከራሷ ቀይ ጋር አስተያይታዋለች።

«ክር ከጨርቅ ሳመሳስል ነው የኖርኩት፣ ሲስተር» አለች። «ያው ቀለም ነው። ሐሙስ ትሞታለች አሉ፤ የእሷን መጨረሻ ልይና እመጣለሁ።»

ሲስተር ብትለምን፣ ብትቆጣ ወይ ፍንክች። መድኃኒት መሀል ላይ ሲቋረጥ በሽታው ክኒኑን መናቅ ይለምዳል፤ ያኔ መዳን እጥፍ ድርብ ይከብዳል። ለሐሙስ ደግሞ አምስት ቀን ነው የቀረው።

ከዚያው ወጥታ የደራሲውን ቢሮ አፈላልጋ አገኘችው። የልብስ ሰፊዋን ማንነት ሳታነሳ ነገሩን አጫወተችውና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ሰኞ ጠዋት መጥቶ አግዳሚዋ ላይ እንዲቀመጥ። መጣም። ሁለት የአፍ መሸፈኛ ደራርቦ፣ ማስታወሻውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። የሚወድቅ የለም፣ የሚያለቅስ የለም። ሰዉ ይቀልዳል፣ ይውጣል፣ ወደ ሥራው ይሮጣል። ይሄ ነገር ድራማ የለውም ብሎ ሲያጉረመርም አጠገቡ የነበረው ታክሲ ነጂ ዞር አለ።

«ጌታው፣ ያቺ የድራማዋ ልጅዎ ግን ክኒኗን የምትውጠው መቼ ነው?»

ደራሲው ማስታወሻውን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። በሰባት ሳምንት ውስጥ አንዲት ክኒን አልጻፈላትም። ሲስተር በመስኮቷ ብቅ ብላ አግዳሚው ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ በአገጯ አሳየችው።

«እዚያ የምትቀመጠው ያንተን ሐሙስ እየጠበቀች ነው፣ ልጄ።»

የቆንጆዋ ሞት የሚቀረጸው በማግስቱ ነበር። ደራሲው ያን ቀን ምሳም እራትም ሳይቀምስ ክፍሉን እንደገና ሲጽፍ ዋለ፣ አመሸ ይባላል።

ሐሙስ ቆንጆዋ አልሞተችም። እፍኝ ክኒን ዋጠች፤ ሽንት ቤት ገብታ ቀይ አየችና ጮኸች። አንዲት ኮስታራ ነርስም «የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ ምላስሽን አንሺ» አለቻት። ፀጉሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንጨባሮ ታየ።

አርብ ጠዋት መስኮቱ ሲከፈት የተራው አንደኛ ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ሳትባል አፏን ከፍታለች። ሲስተር ምልክቱን ስታደርግ እስክሪብቶዋ ካርዱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም።

ታክሲ ነጂው የካፌውን ወሬ፣ መርፌውንም ሩጫውንም ከሞት ማስነሳቱንም ሳያጎድል ቢያቀርብላት፣ ክኒኑን መዳፉ ላይ እያስቀመጠች ሰማችው።

«መርፌ የለኝም። ማንንም አላሯሯጥኩም። ከሞት የተነሳ የለም፤ ክኒኗን የዋጠች ሰው ናት ያለችው። ድራማውንም አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። ክፈት። ምላስህን አንሳ።»