አባባ፣ እንዳይነሱ!

ሰላምን የሚሰጥ አምላክ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ ወዳጆቼ እንደምን ዋላችሁ?

«እጅዎን ሳያስደግፉ ከወንበሩ ይነሱ» አለችኝ ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ እስራኤል፣ ቤርሳቤህ ከተማ፣ ኩፓት ሆሊም በሚሉት የጤና መድን ክሊኒክ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። አልቻልኩም።

በወጣትነቴ ጎንደር ላይ ማኅሌት የቆምኩባቸውን ጉልበቶች አንዲት የክሊኒክ ወንበር አሸነፈቻቸው።

«ቤት ውስጥ ውሃ ማን ያቀብልዎታል?» ስትል ጠየቀች።

ስታስተረጉምልኝ የነበረችው ልጄ በኩራት መለሰችላት፦ «እኛ ነና! ጉልበቱን ካመመው ወዲህ አባባ ከመቀመጫው እንዲነሳ አንፈቅድም።»

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት ሳስቷል እንጂ አላለቀም። ጉልበቱን በብረት ለመተካት ሳንቸኩል የጭኑን ጡንቻ እናጠንክር። መቀመጡ ነው ያደከመው። በየቀኑ ይነሱ፣ ይቀመጡ።»

ልጄ አንገቷን ደፋች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። እጇን ያዝኩና «እኔም እኮ መቀመጡን ወድጄው ነበር» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ከክሊኒኩ ወንበር ከፍ ካለው ወንበሬ ላይ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ እያቃሰትኩ ተነሣሁላት።

«ሳባ፣ ለእኔ ነው የተነሣኸው?» አለች፤ አያቷን የምትጠራው በዕብራይስጥ ነው።

«አዎን፣ እመቤቴ፤ ለአንቺ ነው።»

ጥቂት አሰበች። ከዚያም ወጣች፤ በሩን አንኳኩታም እንደገና ገባች። አራት ጊዜ!

በእናንተስ ቤት በፍቅር ብዛት ተቀምጦ የቀረ ሽማግሌ አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

አምላክ ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ፤ በደጃችሁ የሚገባውንም ሁሉ ቆማችሁ ለመቀበል ከነቤተሰባችሁ ያብቃችሁ።