ሁለት ፎቅ ታች ያለችው ልጄ

ልጄ የተወለደችው ከቀኗ ሁለት ወር ቀድማ ነው። ያን ጊዜ መርካቶ፣ ከራጉኤል ወረድ ብሎ ካሉት የገበያ ፎቆች በአንዱ፣ የጥበቃ ካሜራ የምሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። ደንበኞቼ ነጋዴዎች ናቸው፤ የሚፈልጉትም ጣቃ ጨርቅ ይዞ የሚሰወረውን ሰው መልክ ማየት ነው።

ባለቤቴ በኦፕሬሽን ተገላገለች። እሷን ሦስተኛ ፎቅ አስተኟት፤ ሕፃኗን አንደኛ ፎቅ፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አስገቧት። የባለቤቴ ደም ግፊት አልወርድ ስላለ ከአልጋ እንዳትነሳ ተከለከለች። እኔ ልጃችንን በመስታወት አይና ደረጃውን እየሮጥኩ ወጥቼ አወራላታለሁ።

«ዓይኗን ገለጠች?»

«ገና ነው።»

«ትተነፍሳለች?»

«ትተነፍሳለች አልኩሽ እኮ!»

«አንተ ሰው ደስ እንዲለው ብለህ ትዋሻለህ። ሱቅህ ውስጥ አይቼሃለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ ሄድኩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ቆጣ ያለ ነርስ ናቸው።

«ሲስተር፣ እባክዎ እዚህ ካሜራ ልግጠም።»

«ካሜራ? እዚህ ደግሞ ማን ሊሰርቅ ነው?»

የባለቤቴን ነገር ነገርኳቸው። «ሚስትህ ብቻ የምታይበት ከሆነ አይሆንም» አሉኝ። «ላይ የተኙት እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን የሚያዩበት ከሆነ ግን ዶክተሩን አነጋግርልሃለሁ። መቅረጽ የሚባል ነገር የለም። ሽቦህም ማሽኖቼ አጠገብ እንዳይደርስ።»

በማግስቱ ተፈቀደልኝ። ከሱቄ ካሜራዎች፣ አንድ ስክሪንና ጥቅል ኬብል ተሸክሜ መጣሁ። ሲስተር እጄን እስከ ክርኔ ሦስት ጊዜ አስታጠቡኝ፣ ጋዋን አለበሱኝ። ግድግዳ መብሳት ስለማይቻል ካሜራዎቹን የመጋረጃው ብረት ላይ አሰርኩ፤ ኬብሉን በመስኮት አውጥቼ በውጪ በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ባለቤቴ ክፍል ሳብኩት። ልጄን ያለ መስታወት ያየኋት ያን ጊዜ ነው። መዳፏ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢሸፍን ነው።

የባለቤቴ ክፍል ውስጥ አምስት እናቶች ተኝተዋል። አንዷ ዘመድ ልትጠይቅ ከጎጃም መጥታ አውቶቡስ ተራ እንደ ወረደች ምጥ የያዛት ናት። ከወለደች አራት ቀኗ ነው፤ ከአልጋ መነሳት ስላልቻለች ልጇን ገና አላየችውም። ሞቶ የደበቋት መስሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች።

ስክሪኑን ሳበራው ሕፃናቱ በሙሉ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ታዩ።

«ምነው፣ ልጆቻችንን ሰቀልካቸው እንዴ!» አለች አንዷ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ባለቤቴ ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ «አታስቁኝ፣ በማርያም!» እያለች ትስቃለች።

ምስሉን አቃናሁት። ሲስተር ታች ሆነው ሕፃናቱ ከተኙባቸው ማሞቂያዎች አጠገብ በየተራ ቆሙ፤ የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀትም ወደ ካሜራው አነሱ። አራት ቁጥር ላይ ሲደርሱ ባለቤቴ ወደ ጎጃሟ ሴት ዞረች።

«እህቴ፣ ያንቺ አራት ቁጥር አይደለም እንዴ? ተመልከቺ።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ዞረች። ሕፃኑ እጁን ዘረጋና አፉን በሰፊው ከፈተ።

«አዛጋ!» አለች። «ልጄ አዛጋ! የሞተ ሰው ያዛጋል እንዴ?»

እልልታዋን ስታቀልጠው ሌሎቹም ተቀበሏት። ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ደረጃውን በሩጫ ወጣና እሱም ቆሞ ያይ ጀመር። ባለቤቴ ደግሞ ልጃችን ስትራገጥ አየች። «ይሄ ያንተ አፍንጫ ነው፤ ምስኪን!» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች።

ልጃችን ከወር በኋላ ከሆስፒታል ወጣች። እኔ አብልጬ የማስታውሰው ግን ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ ወደ ታች የወረደችበትን ቀን ነው። እናት ብቻ ስለምትገባ እኔ ላይ ቀረሁ። ሲስተር ሕፃኗን ከማሞቂያው አውጥተው የባለቤቴ ደረት ላይ ሲያስተኟት በስክሪኑ አየሁ። ባለቤቴ ካሜራው የቱ ጋ እንዳለ ፈልጋ አገኘችውና ቀና ብላ ሳቀችልኝ። እጄን አውለበለብኩላት፤ እንደማታየኝ እንኳ ረስቼዋለሁ።

«ዞር በል እንጂ፣ ከለልከን!» አሉኝ እናቶቹ ከኋላዬ።