እርስዎ የሌለበት ጸሎት

ጎረቤቶቿ «እትዬ ቀለም» ይሏታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጽፍ ነው የኖረችው። ከጣቷ የቀለም እድፍ፣ ከአፏ ደግሞ «እርስዎ» አይጠፋም። ባሏን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስከ ዕለተ ሞቱ «እርስዎ» ስትለው ኖራለች። ድመቷን እንኳ «ይብሉ እንጂ፣ ምን ያስኮርፍዎታል?» ትላታለች።

ነገሩ የጀመረው ከአባቷ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች፣ በጨዋታ መሃል አፏን አዳለጣትና «አንተ» አለችው። በቀበቶ ገረፋት። ከዚያ ወዲያማ ለመግረፍ ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ቃሉም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። እግዚአብሔርንም «እርስዎ» እያለች ጸለየች። «እሱ እኮ አባት ነው» ሲሏት፣ ዓይኗ ቀበቶውን ይፈልጋል።

ዕድሜዋን ሙሉ የጻፈቻቸውን ጸሎቶች አሰባስባ ማተሚያ ቤት ወሰደች። መጨረሻው ላይ ለሞተው አባቷ የጻፈችው አንድ ገጽ አለ። እዚያ ኮምፒውተር ላይ የምትተይበው የእህቷ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ አክስቷን «አንቺ» ለማለት የማትሳቀቅ።

«አክስቴ፣ ይሄ ጸሎት ነው ወይስ የሥራ ማመልከቻ?»

«ምነው?»

«‹ጌታ ሆይ፣ እባክዎ ይመልከቱኝ› ይላላ! ‹ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ› ብቻ ነው የቀረው። እሱ እኮ አንተ ነው የሚባለው።»

«እኔ አልደፍርም።»

«እኔ እደፍርልሻለሁ። ላስተካክለው?»

ማመልከቻ መጻፉ እሷንም ሰልችቷታል። «አስተካክይው» አለች፣ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ዓይኗን ጨፍና። «ግን ጮክ ብዬ ሳነበው ካነቀኝ፣ መጽሐፉ ይቅር። አላሳትመውም።»

ለእርማት የታተመው ወረቀት በማግስቱ ጠዋት መጣላት። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ፈሪ ናትና ከመጨረሻው ገጽ ጀመረች፤ እዚያ እግዚአብሔር የለበትም፣ የተነካ ነገር አይኖርም ብላ።

«አባቴ ሆይ፣ አንተ ለምን መታኸኝ? ምን አደረግሁህ?»

ልጅቷ አንድም ሳታስቀር የአያቷንም ገጽ ለውጣዋለች!

እትዬ ቀለም ሳታስበው እጇን አናቷ ላይ ጫነች። ምንም አልወረደባትም። ምድጃው ላይ ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፣ በቃ። ደገመችው፣ ጮክ ብላ። «አንተ! ለምን መታኸኝ?» ግድግዳ ያክልባት የነበረው ሰውዬ ሲያጥር፣ ሲያጥር፣ ራሰ በራ፣ ቁጡ፣ ምስኪን ሽማግሌ ሆኖ ታያት። ሳቅ አፈናት። ጠረጴዛውን ይዛ ተንፈራፈረች፤ እንባዋ መነጽሯን አጠበው። ከዚያ በዚያው ሳቋ ገጹን ወደ መጀመሪያው ገለበጠች። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ቅረበኝ።» ቆም ብላ አዳመጠች። ቀበቶ የለም። እንደገና አለችው፤ ከረሜላ እንደሚመጥ ልጅ ቃሉን ጉንጯ ውስጥ አገላበጠችው።

ስልኩ ጮኸ።

«ውይ አክስቴ፣ ጉድ ሠራሁሽ! የአያቴንም ገጽ ‹አንተ› አድርጌዋለሁ። አሁኑኑ እመልሰዋለሁ!»

«እንዳትነኪው!»

«አነበብሽው እንዴ?»

«ጮክ ብዬ።»

«አላነቀሽም?»

«ሳቅ ነው ያነቀኝ። ይታተም!»

«ጸሎቶቹንስ አነበብሽ?»

«እሱን ገና መጀመራችን ነው፤ አትረብሺን።»

ስልኩን ዘጋችና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

«እሺ አንተ፣» አለች፣ «የት ደርሰን ነበር?»