የተደፈነው በር

ኮምቦልቻ ገበያ ውስጥ ዘሀራን የሚያውቋት ሁሉ ቂመኛ ይሏታል፤ እሷም አትክድም። ቅመም ስትመዝን እጇ አይጎድልም፤ ሰው ሲሞትም ከቅሬው፣ ከሰፈሩ እድር ሰዎች ሁሉ ቀድማ ለቅሶ ቤት ትደርሳለች። ግን የጠላችውን ሰው ስም ከአፏ አታወጣም። በሰፈሩ ስሙን የማታነሳው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ከጠባቡ መንገድ ማዶ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት የሚኖረው ጀላል።

በቀይ ሽብሩ ጊዜ አንድ ማለዳ ጠብመንጃ ያነገቱ አራት ሰዎች መጥተው መንገዱ መሃል ቆሙ። የሚፈልጉትን ቤት ለይተው አያውቁትም ነበር። ያኔ አብዮት ጥበቃ የነበረው ጀላል ከደጁ ብቅ ብሎ በጣቱ አሳያቸው። ሌላ ምንም አላደረገም፤ ጣቱን ብቻ ዘረጋ። የዘሀራ ባል ጀማሉዲን ጫማውን እንኳ ሳያደርግ ወደ መንገዱ በሚያወጣው በር ወጣ፤ በዚያው ቀረ። የት እንደተቀበረ የነገራት የለም። የሚሰገድበት ጀናዛም አልነበረም። ልጃቸው ጣይባ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቆማ አይታለች።

በሳምንቱ ዘሀራ ግንበኛ ጠርታ በሩን በድንጋይና በጭቃ አስደፈነችው። የባሏ ጫማ ደፉ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ግንበኛው ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ተወው አለችው፤ ግድግዳው ከነጫማው ተዘጋ። ከዚያ በጓሮ በኩል ሌላ በር አስከፈተች፤ «ወላሂ፣ በሕይወት እስካለሁ የዚያን ሰው ደጅ እያየሁ አልወጣም» ብላም ማለች። ስምንት ዓመት ሙሉ መሃላዋን ጠበቀች።

የጓሮው በር የሚያወጣው ወደ ቦዩ ነው፤ ቦዩ ደግሞ የሁለት ቀበሌ ድንበር ነው። ቤት ቆጣሪዎቹ ድንበር ላይ ያለ ቤት ሲያጋጥማቸው በበሩ ይቆጥሩታል። በሩ ወደ መንገዱ ከሆነ የላይኛው ቀበሌ ነው፤ ወደ ቦዩ ከሆነ የታችኛው። ዘሀራ በሯን ባዞረች በዓመቱ መጥተው ወደ ታችኛው አዛወሯት። እሷም እሰየው አለች። ጀላል በላይኛው ቀበሌ ወንበር ላይ ወንበር እየጨመረ ሊቀመንበር ሆኖ ነበርና፣ ከእሱ መዝገብ መውጣት ለሷ እንደ እረፍት ነበር። ያቺ እሰየው ኋላ አንጀቷን ታሳርራታለች ብሎ ማን ጠረጠረ።

በ1978 ጣይባ አስራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። የሰፈሩ ልጆች ከፍተኛውን ክፍል የሚማሩት ደሴ ወጥተው ስለነበር፣ በዚያ ዓመት የላይኛው ቀበሌ ከወፍጮ ቤቱና ከመዝናኛ ክበቡ ትርፍ ለራሱ ተመላላሽ ተማሪዎች ብቻ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ተከራየ። ጠዋት ያደርሳቸዋል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። ሾፌሩ ሞላልኝ የተባለ ዝምተኛ ሰው ነው። መኪናው የሚቆመው የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጀላል በር ላይ ነው፤ ሹም ደጁ እንዲደምቅለት ይወዳል።

የታችኛው ቀበሌ ወፍጮም ክበብም የለውም፤ ያለው ስብሰባ ብቻ ነው። ዘሀራ ግን እህሏን የምታስፈጨው እዚያው የላይኛው ቀበሌ ወፍጮ ቤት ነው፤ በቅርብ ሌላ የለማ። የሷ ገንዘብ አውቶቡሱ ላይ ተሳፍሮ ደሴ ይወጣል፤ ልጇ ደግሞ አስፋልቱ ዳር ቆማ የጭነት መኪና ትለምናለች። አንዳንዱ ሾፌር አይቆምም። የሚቆመውም ደግ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ ጣይባ ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ዳገቱን ትጨርሳለች። አንድ ቀን አንዱ ረዳት እጁን አልሰበስብ ቢላት ዘላ ወርዳ፣ የቀረውን መንገድ በእግሯ ኳትና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤቷ ስትደርስ ሦስት ክፍለ ጊዜ አልፎ ነበር። ትምህርት ቤቱም ከእንግዲህ ሦስት ጊዜ ከቀረች ማትሪክ እንደማትቀመጥ በጽሑፍ አስጠነቀቃት።

ጣይባ ለእናቷ ሳትነግር የላይኛው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጀላል ከነኮሚቴው ተቀምጦ ነበር። ደንብ ደንብ ነው፣ ቤት የሚቆጠረው በበሩ ነው፣ እናትሽ የድሮውን በር ትክፈትና በማግስቱ ስምሽ ይገባል አላት። ፈገግ እያለ ነበር። ጸሐፊው ቃሉን ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈረው። ጀላል ዘሀራን ያውቃታል፤ በሩን እንደማትከፍት እርግጠኛ ስለነበር ለጋስ መሆን አልከበደውም።

ማታ ጣይባ ሁሉንም ነገረቻት። የዘሀራ ደም ፈላ። ሰውዬውን ሳይሆን ልጇን ተቆጣች፤ ማን ሂጂ አለሽ፣ ማን እንድትለምኚው ላከሽ ብላ ጮኸችባት። ጣይባ አላለቀሰችም።

«እማ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱን እያየሽ ከምትወጪ፣ እኔ በየመኪናው ስጎተት ይሻልሻል?»

 ዘሀራ በማግስቱ የሰፈሩ ሸህ፣ ሸህ ሙሄዲን ዘንድ ሄደች። እውነቱን ለመናገር የሄደችው እንዲከለክሏት ነበር። መሃላ አይፈርስም እንዲሏት፣ ጥፋቱ ከሷ ላይ ወርዶ ሌላ ቦታ እንዲያርፍ ፈልጋ ነበር። ሽማግሌው ግን አንገታቸውን ደፍተው ከሰሟት በኋላ፣ የማለችበት ነገር ከመልካም ሥራ ካገዳት መልካሙን ትሥራና ለመሃላዋ ማካካሻ ካፋራ ታውጣ አሏት። አሥር ድሃ ታብላ፤ አቅም ከሌላት ሦስት ቀን ትጹም።

«ይቅር በይው ማለትዎ ነው?» አለቻቸው።

«እሱን ማን ነገረሽ? እኔ ያልኩሽ በሩን ክፈቺ ነው።»

ዘሀራ ሦስት ቀን ጾመች።  በአራተኛው ቀን ማለዳ ዲጂኖ ተውሳ ግድግዳውን ከውስጥ ትንደው ጀመር። ግንበኛ አልጠራችም። ድንጋዩ መንገዱ ላይ ሲንከባለል ጎረቤት ሁሉ ወጣ፤ ጀላልም ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ደጁ ላይ ቆመ። ለቆሙት ሰዎች ይኸው ልማት ሰውን ያስታርቃል አላቸው። ሳቅ ያለው የለም።

ደፉ ጋ ስትደርስ ጫማው ወጣ። ቆዳው ደርቆ ተኮማትሯል፣ ውስጡ ጭቃ ሞልቶታል። ጣይባ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ዘሀራ ከእጇ ተቀበለቻት። ሳጥን ውስጥ ልታስቀምጠው የምትገባ መስሏት ጣይባ መንገድ ለቀቀችላት። እናቷ ግን ጎንበስ ብላ ጫማውን እዚያው ደፉ ላይ አስቀመጠችው፤ አፍንጫውን ወደ ጀላል በር አዙራ፣ ሰው አሁን አድርጎት እንደሚወጣ አድርጋ። ጀላል መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

ኮሚቴው በሩን አይቶ ቤቱን ወደ ላይኛው ቀበሌ መለሰው፤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ነገር ነውና መካድ አልተቻለም። ጣይባ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አላረፈደችም። ዘሀራ በየማለዳው በሩን ትከፍታለች፣ ጫማውን በጨርቅ ትጠርጋለች፣ አውቶቡሱ እስኪሄድ ከጎኑ ትቆማለች። ልጆቹ ሲሳፈሩ መንጫጫት ተዉ። ወላጆችም ጫማውን ያያሉ፣ ቀጥሎ ጀላልን ያያሉ፣ ከዚያ መሬት ያያሉ። ጀላል መጀመሪያ ችላ አለ። ቀጥሎ ልጆቹን መሸኘት ተወ። በኋላ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ዘሀራ ለሽማግሌዎቹ ምንጣፍ አነጠፈችላቸው፣ መልስ ግን አልሰጠቻቸውም።

ማትሪኩ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጀላል ራሱ መጣ። ልጆቹ ተሳፍረዋል፣ ሞላልኝ መሪውን ይዟል፣ ወላጆች ቆመዋል። መንገዱን ተሻግሮ ሲመጣ ጣይባ ከመስኮቱ አየችው፤ ስሜን ሊሰርዘው ነው ብላ ደነገጠች።

«ጓዲት ዘሀራ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መኪናውን ሰጥተናል፣ ልጅሽ ትማራለች። ይሄን ጫማ ግን ከደፉ ላይ አንሺው።»

ዘሀራ ስምንት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየችውም ነበር። አሁን አየችው።

«ባለቤቱ መጥቶ ያንሳው» አለች። «ያለበትን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ጥራው።»

 ሞላልኝ ማንም ሳያዘው ሞተሩን አስነሳና ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ መንገድ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀላል የፊት በሩን በሰንሰለት ቆልፎ በጓሮ ይወጣ ጀመር። ጣይባ ማትሪክ ተቀመጠች። ዘሀራም ልጇ ጨርሳ መኪናው ከቀረላት በኋላ እንኳ በሩን አልደፈነችውም፤ በየማለዳው ከፍታ ጫማውን ትጠርጋለች።